ቤት ቤት የሚሸት መጦሪያ ምንድን ነው?

አክስቴ ማታ 11 ሰዓት ሲል ነጠላዋን ታስተካክልና ከመደቡ ትነሣለች። «በሉ ደህና እደሩ። ቤቴ ልሂድ፣ ላሞቹ ገብተው ይሆናል» ትላለች። ያለችው እኮ ቤቷ ነው። ደሴ፣ ከ40 ዓመት በላይ የኖረችበት፣ ልጆቿን ያሳደገችበት ቤት። ላሞቹ የነበሩት ተንታ፣ አባቷ ግቢ፣ እሷ ልጅ ሳለች ነው።

መጀመሪያ ሰሞን እንከራከራት ነበር። «ቤትሽ እኮ ይኸው ነው!» እንላታለን። ትቆጣለች፤ አንዳንዴም ታለቅሳለች። አንድ ማታ የግቢውን በር ቆልፈን ቁልፉን ደበቅን። ቆርቆሮውን ስትደበድብ አመሸች። ያ ድምፅ እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም።

ሰው ቤቱ ተቀምጦ ቤቱን የሚናፍቅ ከሆነ፣ ቤት ማለት ምንድን ነው? ይህን ጥያቄ ከልባቸው ይዘው የሚሠሩ ሰዎች አሉ። የሚሠሩትን ነገር «ቤት መሰል መጦሪያ» ልንለው እንችላለን። እኔ ግን ቤት ቤት የሚሸት ብለው ይሻለኛል።

ሐሳቡ ከባድ አይደለም። የመርሳት በሽታ ያለባቸው ጥቂት ሰዎች በአንድ ቤት አብረው ይኖራሉ። ቀንም ሌሊትም የሚያግዛቸው ሰው አለ። ኑሮው ግን የተቀዳው ከሰው ቤት እንጂ ከሆስፒታል አይደለም። የየራሳቸው መኝታ፣ የለመዱት ብርድ ልብስ፣ የለመዱት ወንበር አላቸው። ምግቡ በጋሪ ተገፍቶ አይመጣም፤ እዚያው ይበስላል። ሁሉም በአንድ ሰዓት ተነሡ፣ በአንድ ሰዓት ታጠቡ፣ በአንድ ሰዓት ተኙ አይባሉም። የሚችሉትን ሥራም ይሠራሉ። ለእኔ ከሁሉም የምትበልጠው ይህች የመጨረሻዋ ናት።

በሽታውን ሐኪሞች ዲሜንሺያ ይሉታል። አልዛይመር ከዓይነቶቹ አንዱ ነው፤ ከ100 ሕሙማን ከ60 እስከ 70 የሚሆኑት የሚያዙትም በእሱ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው እ.ኤ.አ. በ2021 በዓለም ላይ 57 ሚሊዮን ሰዎች ዲሜንሺያ ነበረባቸው። ከግማሽ በላይ የሚሆኑት የሚኖሩት ገቢያቸው ዝቅተኛና መካከለኛ በሆነ አገሮች ነው። የሚያድን መድኃኒት እስካሁን የለም።

እኛ ሠፈር ግን «ጃጀች» ተብሎ ይታለፋል። ይህን ቃል አልወደውም። የዕድሜ ዕዳ ያስመስለዋል። ዕድሜ ሲገፋ የመያዝ ዕድሉ ይጨምራል፣ እውነት ነው። ግን ያረጀ ሁሉ አይዘውም። «የሆነ ነገር ለክፏት ነው» የሚሉም አሉ፤ ይኼኛው ደግሞ ሰዉን ከአጠገቧ ያሸሻል።

ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የሚጠፋው የቅርቡ ነገር ነው። የዛሬ ቁርስ ይረሳል፤ የልጅነት ግቢ ይቆያል። አክስቴ «ቤቴ» ስትል ያን የቆየውን ማለቷ ነው። አንዳንዴ ደግሞ ጭራሽ ቦታ አይደለም። «ፈራሁ»፣ «ደከመኝ»፣ «እዚህ ምን እንደምሠራ አላውቅም» ማለቷ ነው። ሲመሽ ይብስባታል። ብርሃኑ ይደበዝዛል፣ ጥላው ይበዛል፣ ቀኑን ሙሉ ነገር ለመረዳት ሲታገል የዋለ አእምሮ ይዝላል። ደሴ ላይ በክረምት ጭጋጉ ከጦሳ ሲወርድ፣ ያውም መብራት ከጠፋ፣ እኛ ጤነኞቹስ ይከፋን የለ?

እጅ ግን ቶሎ አይረሳም። ለዓመታት የተደጋገመ ሥራ ከስምና ከቀን ይልቅ ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያል። ልብስ ማጠፍ፣ ምስር መልቀም፣ ጥጥ መፍተል። የልጇ ስም የጠፋባት እናት እንዝርት ስትይዝ ጣቷ መንገዱን ያውቀዋል። ጸሎትም፣ ምርቃትም፣ ዜማም እንደዚያው ነው። ቤት መሰል መጦሪያ የቆመው እዚህ ላይ ነው። የጠፋውን እያሳደደ አያስጨንቅም፤ የቀረውን ሥራ ይሰጠዋል።

ይህን አኗኗር ለዓለም ያሳወቀው ሆላንድ ያለ አንድ መንደር ነው። ሆግዌይክ ይባላል፤ አምስተርዳም አጠገብ፣ ዌስፕ ውስጥ ነው። ከጀማሪዎቹ አንዷ ኢቮን ቫን አሜሮንገን በዚያው ቦታ በነበረው የድሮ መጦሪያ ይሠሩ ነበር። አባታቸው በድንገት ሲሞቱ በመጀመሪያ ከመጡባቸው ሐሳቦች አንዱ «እንኳን መጦሪያ ሳይገባ ሄደ» የሚል እንደነበር ተናግረዋል። ልብ በሉ፤ ይህን ያሰቡት እዚያው ሠርተው የሚያድሩበት ሰው ናቸው። ከባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ አሠራሩን መቀየር ጀመሩ። አዲሱ መንደር እ.ኤ.አ. በ2009 ተከፈተ። በየቤቱ 6 ወይም 7 ሰው ይኖራል። ሱቅ፣ ካፌ፣ ዛፍ ያለበት መንገድ አለ። ነዋሪዎቹ ወጥተው እንደልባቸው ይዞራሉ፤ መውጫው የሚጠበቅ አንድ በር ስለሆነ አይጠፉም። ሠራተኞቹ ጋዋን አይለብሱም።

ስዊድኖች እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ትናንሽ የጋራ ቤቶችን ሞክረው ነበር። ጃፓን በእንዲህ ዓይነቱ ቤት በአንድ ላይ ከ9 ሰው በላይ አይኖርም። አሜሪካ ውስጥም እ.ኤ.አ. በ2003 ሚሲሲፒ ግዛት፣ ቱፔሎ ላይ ከ10 እስከ 12 ሰው በአንድ ረጅም ገበታ ዙሪያ የሚበላባቸው ቤቶች ተከፍተዋል። ሁሉም ጋ ቁጥሩ ትንሽ ነው። የሚረሳ ሰው 8 ፊት ሊለምድ ይችላል፤ 80 ፊት ግን ሁልጊዜ እንግዳ ነው።

ሆግዌይክን የሚተቹ አሉ። «ያልሆነውን ከተማ ከተማ እያስመሰሉ ሰው ማታለል ነው» ይላሉ። ለእኔ እንደ ሁኔታው ነው። ሱቁ እውነተኛ ዳቦ የሚሸጥ ከሆነ ማታለሉ የቱ ጋ ነው? ጀርመን ውስጥ ግን አውቶቡስ የማይመጣበት ፌርማታ ግቢ ውስጥ የተከሉ መጦሪያዎች አሉ። ቤቴ ልሂድ ያለው ሰው እዚያ ተቀምጦ ይጠብቃል፤ እስኪረጋጋ ድረስ። ይህ ልቤን ከብዶታል። አውቶቡሱን ከማስጠበቅ ይልቅ አጠገቡ ተቀምጦ «ቤትዎ ማን አለ?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል።

ደግሞ ሕንፃው ብቻውን ሥራ አይሠራም። አንድ መጦሪያ ለማየት ሄጄ ነበር፤ ስሙን አልጠራም። ሰዎቹ ደጎች ናቸው፤ ደክመዋልም። «ባህላዊ ጥግ» ብለው ያሰናዱትን በኩራት አሳዩኝ። ሞሰብ አለ፣ ረከቦት አለ፣ ጀበናው ተደርድሯል። «እዚህ ቡና ይጠጣሉ?» አልኩ። «አይ፣ እንዳይሰብሩት አናስነካቸውም» አሉኝ። አዛውንቶቹ ግድግዳውን ተከትለው በተደረደሩ የፕላስቲክ ወንበሮች ላይ ተቀምጠዋል። ሴቶቹ በሙሉ «እማማ»፣ ወንዶቹ በሙሉ «አባባ» ናቸው። አክስቴን ሠፈር ውስጥ ማንም እማማ ብሏት አያውቅም፤ እቴቴ ናት። እማማ ስትባል ሌላ ሰው የተጠራ ይመስላታል፣ ዞራ ትፈልጋለች።

ቤት የሚያደርጉት ትንንሽ ነገሮች ናቸው። ወለሉን ተመልከቱት። የእኛ ሊሾ በሰም ተወልውሎ ሲያበራ ለእኛ ንጽሕና ነው። ለሕመምተኛው ግን ውሃ የፈሰሰበት ይመስለዋል፤ እግሩን ከፍ አድርጎ ሊሻገረው ይሞክርና ይወድቃል። በር ላይ የተነጠፈ ጥቁር ምንጣፍ ጉድጓድ ይመስለዋል። አክስቴ በአንድ ምንጣፍ ምክንያት ሳሎን አልገባም ስትል ሳምንት ሙሉ እልኸኛ ሆናለች ብለን ነበር። ምንጣፉ ሲነሣ ገባች። መስታወትም እንደዚያ ነው፤ ውስጡ የማያውቁት አሮጊት ያያሉ። ማታ ጨርቅ ጣል ማድረግ ይበቃል።

ሳህንም ነገር አለው። ነጭ ሳህን ላይ የቀረበ ሩዝ ወይም ገንፎ ጠርዙ አይለይላቸውም። ውሃም በጠራ ብርጭቆ አይታያቸውም። እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት ጥቂት የአልዛይመር ሕሙማን ላይ ይህን ሞክሮ ነበር። ደማቅ ቀይ ሳህንና ኩባያ ሲሰጣቸው የሚበሉት በአማካይ 25 በመቶ፣ የሚጠጡት 84 በመቶ ጨመረ። አንድ ቀይ ሳህን ገበያ ላይ ስንት ነው?

ሽንት ቤቱ ከአልጋው የሚታይ መሆን አለበት። የእኛ አብዛኛው ጓሮ ነው፤ ስለዚህ ማታ ፖፖው አልጋ አጠገብ፣ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ይቀመጥ። ትንሽ መብራት ሌሊቱን ሙሉ ይብራ። ብዙ ጊዜ «መቆጣጠር አቅቷት ነው» የሚባለው መንገዱን አጥታ ነው።

አሁን ይህን ወሎ ላይ እናምጣው። ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ላይ እንዲህ ያለ ቤት የሚከፍት ሰው ቢጠይቀኝ መጀመሪያ የማነሣው ሥጋውን ነው። ድግሳችን ላይ ለእስላሙም ለክርስቲያኑም ለየብቻ ይታረዳል፤ ለየብቻ ይሠራል። መጦሪያውም ሁለት ድስት ያስፈልገዋል። ቀን የጠፋበት ሰው ረቡዕና ዓርብን አይለይም፤ ጾሙን የሚቆጥርለት ሰው ይፈልጋል። ውዱእ የሚያደርገው አባት ማንቆርቆሪያው የለመደበት ቦታ ይቀመጥለት። ሶላቱን ሁለቴ ቢሰግድ ማንም አይከልክለው። መስኮት ደግሞ አትዝጉ። ሰዓት ማንበብ ያቃተው ሰው አዛን ይሰማል፣ ደወል ይሰማል፤ ደሴ ላይ ሁለቱም ይደርሳሉ። ሐሙስ ከሰዓት የመንዙማ ዜማ ሲሰማ ጭንቅላቱን የማይነቀንቅ ሽማግሌ አላየሁም፤ ንግግር የጠፋበትም ቢሆን።

ሁለተኛው ቡና ነው። ጠዋት ቡና ሲቆላ ጭሱ ኮሪደሩን ይዞ ይሄዳል። የምግብ ፍላጎት የጠፋበት ሰው አፍንጫው ይነቃል። እሳቱና የፈላው ጀበና የሠራተኛው ነው። ጥሬ ቡና መልቀም፣ ስኒ መደርደር፣ ቄጤማ መጎዝጎዝ፣ ቆሎ ማቅረብ ግን የእነሱ ሊሆን ይችላል። ስኒ ይሰበር ይሆናል። ይሰበር። ስኒ የማይሰበርበት ቤት አላውቅም።

«መጦሪያ ማስገባት እኛ አገር ነውር ነው» የሚለኝ ብዙ ሰው አለ። ይገባኛል። ልጅ ወልዶ ጧሪ ቀባሪ ማጣት ከባድ ስድብ ነው። ግን እውነቱን እንነጋገር። ጧሪው ብዙ ጊዜ አንዲት ልጅ ወይም አንዲት ምራት ናት። እሷም ሥራ ትሄዳለች፣ ገበያ ትሄዳለች፣ በሩም ይቆለፋል። ነውር ካለ የተቆለፈው በር ላይ ነው። እኛም ቆልፈናል። ጥሩ መጦሪያ ቤተሰቡን አያባርርም፤ ልጆቹ በፈለጉት ሰዓት ገብተው አብረው ይበላሉ። ሆላንድ ውስጥ በተደረጉ ጥናቶችም በትንንሽ ቤቶች ውስጥ ሰውን ወንበርና አልጋ ላይ ማሰር ቀንሶ ታይቷል። ይህ ብቻውን ለእኔ በቂ ምክንያት ነው።

ርካሽ አይደለም። ሰው ይፈልጋል፤ የሠለጠነና የማይቸኩል ሰው። ቸኩሎ የሚያለብስ አስታማሚ 5 ደቂቃ ይቆጥባል፤ የሚያለብሳት ሴት ግን ነጠላ ማጣፋት የምትረሳው ያኔ ነው።

እስከዚያው እኛ ጋ ያለው ቤት ነው። እዚሁ ነው የምንለማመደው። አሁን 10 ሰዓት ተኩል ሲል መብራት እናበራለን። ክርክር ትተናል። «ላሞቹ ገብተው ይሆናል» ስትል «ስንት ነበሩ?» እላታለሁ። ትቆጥራለች። ዳለቻዋ ተዋጊ እንደነበረች ትነግረኛለች። ከዚያ ወንፊቱን ከነቡናው ጭኗ ላይ አደርግላታለሁ። ትለቅማለች፤ ድንጋዩን ለብቻ፣ የተበላሸውን ለብቻ።

ባለፈው ሰሞን ጎረቤታችን ለቡና መጡ። አቦሉ ሲቀዳ ዝም ብለን ወደ እሷ አየን። ለአፍታ ግራ የገባት መሰለኝ። ከዚያ መዳፏን ዘረጋች። «ክፉ አይንካችሁ። ሣቅ ከቤታችሁ አይጥፋ። የወለዳችሁት ይባረክ። ጧሪ ቀባሪ አያሳጣችሁ» አለች፤ አንድ ቃል ሳትስት። እኛ አሜን፣ ጎረቤታችን አሚን አሉ። ማን እንደሆንኩ አላወቀችም። ያን ማታ ግን እስከ በረካው ድረስ ከመደቡ አልተነሣችም።