ስለ ባድመ ስናወራ የምንሳሳታቸው ነገሮች

ኢትዮጵያና ኤርትራ የተዋጉባት የድንበር ከተማ ባድመ ስትነሳ ሁሉም ሰው ጠበቃ ነው። ታክሲ ውስጥ፣ ለቅሶ ቤት፣ ቡና ላይ ወሬው አንድ ነው፦ «ወስነውልን ነበር»፣ «ሸጡን»፣ «በ2010 አለቀ»። ሰው አውቆ አይዋሽም። ሦስት የተለያዩ ወረቀቶችን ግን አንድ ላይ ይቀላቅላል፦ የተኩስ አቁሙን፣ የድንበር ውሳኔውንና የካሳውን ፍርድ። እስቲ እንለያያቸው። እ.ኤ.አ. ካላልኩ ቀኑ በእኛ አቆጣጠር ነው።

«ባድመ መጀመሪያ ለእኛ ተወስኖ ነበር፤ በኋላ ነው የገለበጡት»

ይሄ ከየት እንደመጣ አውቃለሁ። ሚያዝያ 5 ቀን 1994 ዘሄግ ላይ ውሳኔው ይፋ ሲሆን፣ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ስዩም መስፍን ባድመን ጨምሮ ኢትዮጵያ የጠየቀችው እንደተወሰነላት ተናገሩ። ሰው ተደሰተ። አስመራም በበኩሏ ባድመ የኔ ናት አለች።

ሁለቱም እንዲህ ማለት የቻሉት ለምንድን ነው? ውሳኔውን የሰጠው፣ ሁለቱ መንግሥታት ያቋቋሙት የድንበር ኮሚሽን፣ ከውሳኔው ጋር ባወጣው ካርታ ላይ ባድመ የሚባል ነጥብ ስላልነበረ ነው። ውሳኔው የሚለው እንዲህ ነው፦ ወሰኑ የሰቲትን ወንዝ ይዞ ወደ ምሥራቅ ይሄዳል፤ ቶምሳ የሚባለው ወንዝ ሰቲት የሚገባበት ቦታ ሲደርስ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ይታጠፍና፣ መረብና ማይ አምበሳ የሚባሉት ወንዞች እስከሚገናኙበት ድረስ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ይኸው ነው። ማስመሪያ ይዞ ያሰመረ ሰው ከተማዋ ከመስመሩ ምዕራብ፣ ኤርትራ በኩል እንደምትወድቅ ያያል። ኮሚሽኑ በመጋቢት 1995 ይህንኑ በግልጽ ተናገረ። ኢትዮጵያ አካባቢውን ስለማስተዳደሯ ያቀረበችው ማስረጃም መስመሩን ለማዛወር አልበቃም ብሎ ነበር። ስለዚህ የተገለበጠ ውሳኔ የለም። የተገለበጠው መግለጫችን ነው።

«ሕዝቡ የት እንደሚኖር አይተው ማካፈል ይችሉ ነበር»

አይችሉም ነበር። ታኅሣሥ 3 ቀን 1993 አልጀርስ ላይ የተፈረመው ስምምነት ኮሚሽኑ «ለሁለቱም የሚበጀው ይህ ነው» ብሎ እንዳይወስን በግልጽ ከልክሎታል። እንዲያይ የተፈቀደለት እ.ኤ.አ. የ1900፣ የ1902 እና የ1908 የቅኝ ግዛት ዘመን ውሎችንና ከነሱ ጋር የሚሄደውን ዓለም አቀፍ ሕግ ብቻ ነው። ውሳኔውም የመጨረሻና አስገዳጅ እንዲሆን ሁለቱም መንግሥታት ፈርመዋል።

የዚህ ውጤት መሬት ላይ ያማል። የኢሮብ ሕዝብ መሬት ለሁለት ተከፈለ። መስመሩ መንደር የሚያቋርጥበት ቦታም አለ። ኮሚሽኑ ሁለቱ መንግሥታት ካልተስማሙ መስመሩን ወዲህ ወዲያ ማለት አልችልም አለ። ለእኔ ትልቁ ጥፋት የተሠራው እዚህ ጋ ነው፤ ዳኞቹ ጋ ሳይሆን ፊርማው ላይ። ያንን አንቀጽ ሲስማሙበት እዚያ ቀዬ ያለን ገበሬ የጠየቀው ሰው ያለ አይመስልም።

ደግሞ ሁሉንም አጣን የሚለውም ልክ አይደለም። ዛላምበሳ ለኢትዮጵያ ነው የተወሰነው። ጾሮና ለኤርትራ የሆነችው ደግሞ ኢትዮጵያ ራሷ በጽሑፍ ክርክሯ የኤርትራ መሆኗን ስላመነች ነው።

«ዳኞቹን ሌላ ሰው መረጠብን»

አምስት ነበሩ። ኢትዮጵያ ሁለት መረጠች፣ ኤርትራ ሁለት። አምስተኛው፣ ሰብሳቢው፣ እንግሊዛዊው ኤሊሁ ላውተርፓክት ናቸው።

«25 ኪሎ ሜትሩ አዲሱ ድንበር ነበር»

ሰኔ 11 ቀን 1992 የተፈረመው የተኩስ አቁም ወታደሮችን የማራራቂያ ሰነድ ነው። የኢትዮጵያ ጦር ከሚያዝያ 28 ቀን 1990 በፊት በኢትዮጵያ አስተዳደር ሥር ወደነበሩ ቦታዎች ይመለሳል። የኤርትራ ጦር ከዚያ 25 ኪሎ ሜትር ይርቃል። ለምን 25? ሰነዱ ራሱ በቅንፍ ይመልሳል፦ የመድፍ ተኩስ ርቀት። ቁጥሩን ያመጣው መድፍ እንጂ የመሬት ይዞታ ታሪክ አይደለም። መሃል ላይ ባለው ቀጠና እስከ 4,200 የሚደርስ የተባበሩት መንግሥታት ሰላም አስከባሪ ጦር እንዲገባ ተፈቀደ። ቀጠናው የመጨረሻውን ወሰን አይወስንም ተብሎም ተጽፏል።

«ወራሪዋ ኤርትራ ናት ከተባለ መሬቱም የእኛ ነው»

ይሄኛው ብዙ ሰው የሚያደናግር ነው፤ ግማሹ እውነት ስለሆነ። አልጀርስ ሁለት ኮሚሽን ነው ያቋቋመው። የካሳ ጥያቄ የሚያየው ሁለተኛው ኮሚሽን ታኅሣሥ 10 ቀን 1998፣ ኤርትራ ግንቦት 4 ቀን 1990 ባድመን ስታጠቃ ዓለም አቀፍ ሕግ ጥሳለች ብሎ ፈርዷል። ከተማዋ ያኔ በሰላም በኢትዮጵያ እጅ ነበረች። «መሬቱ የኔ ነው» ብሎ ጦር ማዝመት አይቻልም ነው ነገሩ።

ያ ፍርድ ግን ስለ ባለቤትነት አንድም ነገር አይልም። ጎረቤትህ በወሰን ስለተጣላችሁ ሌሊት አጥርህን ጥሶ ቢገባ ይከሰሳል። ቦታው የማን ነው የሚለው ግን ሌላ መዝገብ ነው።

«ድንበሩ ተካልሏል»

መወሰን ሌላ፣ መሬት ላይ ችካል መትከል ሌላ። ኢትዮጵያ መስከረም 1996 ውሳኔውን አልቀበልም አለች፤ ኅዳር 1997 ደግሞ በአምስት ነጥብ የሰላም ሐሳቧ «በመርህ ደረጃ» ተቀበለች። በመርህ ደረጃ የሚለው ቃል ብዙ ሥራ ሠርቷል! የድንበር ኮሚሽኑ ሲሰለቸው ኅዳር 1999 ላይ አንድ ዓመት ሰጠ፤ ያኔም ችካል አልተተከለም። ስለዚህ ወሰኑን በወረቀት ላይ በኬክሮስና በኬንትሮስ ቁጥር ብቻ አስቀምጦ ሄደ። ኤርትራ ይሄ በቂ ነው አለች፣ ኢትዮጵያ ዋጋ የለውም አለች። ሰላም አስከባሪውም ኤርትራ ነዳጅ ከከለከለችው በኋላ ሐምሌ 2000 ተልዕኮው ተዘጋ።

«በ2010 ጉዳዩ አለቀ»

ግንቦት 28 ቀን 2010 ኢሕአዴግ ውሳኔውን ሙሉ በሙሉ ተቀብያለሁ አለ። ሐምሌ 2 ቀን አስመራ ላይ የተፈረመው መግለጫም የድንበር ውሳኔው ተግባራዊ ይሆናል ይላል። መስከረም 1 ቀን 2011፣ በእንቁጣጣሽ፣ ዛላምበሳ ላይ መንገዱ ሲከፈት ሰው እየተቃቀፈ ያለቅስ ነበር። ነጋዴ ወዲያና ወዲህ ተመላለሰ። በወራት ውስጥ ኬላው መልሶ ተዘጋ። ወሰኑን የሚያካልል ቀያሽ ግን መንገዱ ክፍት በነበረበት ጊዜም አልመጣም።