«ሲሸጥ ልቡናው አልነበረም» ማለት ብቻ ይበቃል?

አባት ቤታቸውን ሸጡ። ልጆች ቆይተው «አእምሯቸው ደክሞ ነበር፣ ውሉ ይፍረስ» ይላሉ። በዚህ ብቻ ውል አይፈርስም።

በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ መነሻው ቀላል ነው፦ ማንኛውም ሰው ችሎታ (ማለትም እንደ ውል ያለ ሕጋዊ ተግባር ለመፈጸም ብቃት) አለው ተብሎ ይገመታል። የለውም ባዩ ያስረዳ።

ግራ የሚያጋባው «በግልጽ የታወቀ እብደት» የሚለው ነው (ቃሉ ይጎረብጣል፣ ግን የሕጉ ነው)። ጎረቤት ሁሉ አወቀ ማለት አይደለም። ሰውዬው በአእምሮው ሁኔታ ምክንያት ሆስፒታል ወይም መጠበቂያ ተቋም ገብቶ ሲኖር ነው። ከ2000 ሰው በታች በሚኖርበት የገጠር አካባቢ ደግሞ፣ ቤተሰቡ እየጠበቀው እንደልቡ እንዳይንቀሳቀስ ሲከለከል ነው። በዚያ ጊዜ የፈረመው ውል እንዲፈርስ ራሱ፣ ወኪሉ ወይም ወራሾቹ መጠየቅ ይችላሉ።

ሕመሙ በዚህ መልኩ የታወቀ ካልሆነስ? እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሸወደው። የሐኪም ወረቀት ብቻውን አይበቃም። ሻጩ በፈረመባት ሰዓት እንከን የሌለው ፈቃድ መስጠት የማይችል እንደነበር መረጋገጥ አለበት። ከሳምንት በፊት ወይም በኋላ መታመሙ ፍንጭ ቢሆን እንጂ መልስ አይሆንም።

ገዢው ግን «ሻጩ ችሎታ አልነበረውም» ብሎ ከውሉ መውጣት አይችልም። ጥበቃው ለታማሚው ነው።