በዘውድ መመለስ ዘመን ሴቶች የጻፏቸው የእንግሊዝ ኮሜዲዎች፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የእንግሊዝ ፓርላማ እ.ኤ.አ. በ1642 የዘጋቸው ቴአትር ቤቶች ዳግማዊ ቻርልስ በ1660 ወደ ዙፋኑ ሲመለስ ተከፈቱ፤ ከዚያ በኋላ ባሉት አሥርት ዓመታትም ሴቶች በመድረክ ላይ ከመታየት አልፈው ለመድረኩ መጻፍ ጀመሩ። ስለ እነዚህ ሴቶች ኮሜዲዎች ዛሬ ከሚነገረው ውስጥ ቀላል የማይባለው የተሳሳተ ነው። የስሕተቱ ዋና ምንጭ፣ እንደ እኔ ግምት፣ ተውኔቶቹን የፍቅርና የሽሙጥ ጨዋታ ብቻ አድርጎ ማየትና በውስጣቸው ያለውን የገንዘብ ሒሳብ መዘንጋት ነው።

«አፍራ ቤን የመጀመሪያዋም ብቸኛዋም ሴት ተውኔት ጸሐፊ ነበረች።»

የቤን የመጀመሪያ ተውኔት በ1670 ከመታየቱ በፊት ካትሪን ፊሊፕስ ከፈረንሳይኛ የተረጎመችው ትራጄዲ በ1663 በደብሊን፣ የፍራንሲስ ቡዝቢ ተውኔትም በ1669 በለንደን ለመድረክ በቅተዋል። ቤንን ልዩ የሚያደርጋት በ1689 እስክትሞት ድረስ ብዕሯን መተዳደሪያዋ ማድረጓ ነው። ከእርሷ በኋላም በ1695 እና 1696 ካትሪን ትሮተር፣ ሜሪ ፒክስና ደላሪቪየር ማንሊ በተከታታይ ብቅ አሉ፤ ሦስቱን በአንድነት የሚያላግጥ ተውኔት ወዲያው መዘጋጀቱ ራሱ ቁጥራቸው ምን ያህል እንዳሳሰበ ያሳያል።

«የሚጽፉት ለመዝናናት የነበሩ የባለጠጋ ሴቶች ናቸው።»

በዚያ ዘመን የደራሲው ዋና ገቢ የሦስተኛው ቀን ትርኢት ትርፍ ነበር። ተውኔቱ ሦስተኛውን ቀን ሳያይ ከመድረክ ከወረደ ደራሲው ከዚያ ምንጭ አንዳች አያገኝም። ቤን ከተውኔቶቿ በአንዱ መግቢያ ላይ የምትጽፈው ለእንጀራዋ እንደሆነና ይህን ለመናገር እንደማታፍር በግልጽ አስፍራለች።

«ብልግናውን ከወንዶቹ ቀዱ እንጂ የራሳቸው ቁም ነገር የላቸውም።»

ይህ ከሁሉም የከፋው ስሕተት ስለሆነ በርሱ ላይ መቆየት ይገባል። ብልግናው እንዳለ አይካድም፤ ቤን ራሷ ተመሳሳዩን ወንድ ሲጽፈው ማንም እንደማይቆጣ እየጠቀሰች በምሬት ተከራክራለች። ጥያቄው ግን በብልግናው ሽፋን ምን ተባለ የሚለው ነው። በወቅቱ በእንግሊዝ የጋራ ሕግ መሠረት ያገባች ሴት ሕጋዊ ማንነት በባሏ ሥር ይጠቃለል፣ ተንቀሳቃሽ ንብረቷም ወደ እርሱ ይዞር ስለነበር፣ በመኳንንቱና በነጋዴው ዘንድ ጋብቻ ከሁሉ በፊት የንብረት ውል ነበር። በ1677 በታየው «ዘዋሪው» በተሰኘው ተውኔቷ ይህ ውል በአደባባይ ይመረመራል። ቦታው የኔፕልስ ከተማ፣ ጊዜው የካርኒቫል በዓል ነው፤ ፍሎሪንዳ ለማትወደው ሰው ልትዳር፣ እህቷ ሄሌና ደግሞ ገዳም ልትገባ ተወስኖባቸዋል። አንጄሊካ ቢያንካ የተባለችው ዝነኛ ሴት ሥዕሏን በአደባባይ ሰቅላ የወር ዋጋዋን በግልጽ ታስታውቃለች። ተውኔቱ ስሙን ያገኘበት ዊልሞር ገላዋን በገንዘብ በመሸጧ ሲወቅሳት፣ ወንዶችም ሚስት ሲታጭላቸው ስለ መልኳና ስለ ጠባይዋ ሳይሆን ስለ ሀብቷ እንደሚጠይቁ አስታውሳ፣ ታዲያ ጥፋቱ የእናንተም አይደለምን ስትል ትመልስለታለች። ዊልሞር ለዚህ በቂ መልስ የለውም። በዚሁ ተውኔት ፍሎሪንዳ ከመደፈር ለጥቂት የምታመልጠው ከአንድ ጊዜ በላይ ሲሆን፣ ከሚያጠቋት አንዱ ሰክሮ የመጣው ይኸው ዊልሞር ነው፤ ተመልካቹ የሳቀለት ጀግና እንዲህ ያለ ሰው መሆኑን ቤን አልሸፈነችም።

በ1686 የታየው የቤን «የዕድል አጋጣሚ» ደግሞ ነገሩን እስከ ጥግ ይወስደዋል። ሽማግሌው ሀብታም ሰር ኮሺየስ በዳይስ ቁማር የሚስቱን የአንድ ሌሊት አልጋ በ300 ፓውንድ አስይዞ ይሸነፋል። ሚስትየው የሆነውን ስታውቅ ከባሏ አልጋ ለዘለዓለም እንደምትለይ ትምላለች። የሚያጽናና ፍጻሜ የለውም፤ ለእኔ የዘመኑ ደፋር ትዕይንት ይህ ነው።

«በሠርግ ስለሚያልቁ ሥርዓቱን አልነኩም።»

በሠርግ ማለቅ የኮሜዲ ልማድ ነው። መመልከት ያለብን ሠርጉ በማን ፈቃድና በማን ገንዘብ እንደሚፈጸም ነው፤ ሄሌና ዊልሞርን የምታገባው አጎቷ ያወረሷትንና ወንድሟ ሊነጥቃት የማይችለውን ሀብት ይዛ ነው። ቤን በ1681 በጻፈችው የ«ዘዋሪው» ሁለተኛ ክፍል ግን ሄሌና ሞታለች፤ ዊልሞርም ከሌላ ሴት ጋር ያለ ጋብቻ ለመኖር ይስማማል። ሠርጉ ዘላቂ መፍትሔ እንዳልነበር ደራሲዋ ራሷ ነገረችን ማለት ነው።

«ሱሪ የለበሱ ተዋናዮች ሴቶችን ነጻ አወጡ።»

የ1662ቱ የንጉሡ ፈቃድ የሴት ሚና በሴት እንዲጫወት ፈቀደ፤ ሱሪ የማስለበሱ ልማድ ግን በአብዛኛው የሴቶችን እግር ለማሳየት ነበር። ሴት ደራሲዎቹ ልማዱን ተቀብለው ባለሱሪዋን ሴት ወንዶች የሚያወሩትን እንድትሰማና ጉዳዩን እንድትመራ አደረጓት፤ ነጻነት ለማለት ግን ይህ አይበቃም።

«የሴቶችን ጭቆና ስለተቃወሙ የመደብ እኩልነትንም ይደግፉ ነበር።»

የዘመኑን ፖለቲካ የሚያውቅ ይህን አይልም። ቤን የንጉሡ ወገን ነበረች፤ በ1666 በአንትወርፕ ለንጉሡ ስለላ ሠርታለች፤ በኮሜዲዎቿም የምትሳለቀው በከተማው ነጋዴዎች ላይ ነው፤ ሰር ኮሺየስም ከእነርሱ ወገን ነው። ድሃ መኳንንት ከሀብታም ነጋዴ ሚስት ሲጠቀሙ እንድንስቅ ትፈልጋለች። ፒክስ በ1700 በጻፈችው «የተሸነፈው ሽቅርቅር» ፊቷን ወደ ሌላ አዞረች፤ የባንክ ባለቤት የነበረ ሰው ሀብታም መበለት ማዕረግ ለመግዛት ስትሯሯጥ የሚያስቀው መሯሯጧ ነው፣ የነጋዴው ክብር ግን ይጠበቃል። ሌላዋ ተውኔት ጸሐፊ ሱዛና ሴንትሊቨር ደግሞ የንጉሣዊ ሥልጣን መገደብን የሚደግፈው የዊግ ወገን ነበረች። ሦስቱም ማዕረግ የሚገዛና የሚሸጥ ነገር መሆኑን አጋለጡ፤ ማን ይግዛው በሚለው ግን አልተስማሙም።

«ከዘመናቸው ጋር አብረው ተረሱ።»

ቤን የእንግሊዝ ነገሥታትና ታላላቅ ሰዎች በተቀበሩበት በዌስትሚኒስተር አቢ ተቀብራለች። በ1709 የታየው የሴንትሊቨር «ጥልቅ ብዬው» እና የ1714ቱ «ተአምሩ፦ ሴት ምሥጢር ጠበቀች» ከደራሲዋ ሞት በኋላም ለረጅም ጊዜ በመድረክ ላይ ቆይተዋል። በሁለተኛው ተውኔት ቫዮላንቴ ከግዳጅ ጋብቻ የሸሸች ጓደኛዋን ትደብቃለች፤ የፍቅረኛዋን እምነት የምታጣ ቢመስልም ምሥጢሩን አትናገርም። የዘመኑ ታላቅ ተዋናይ ዴቪድ ጋሪክ በ1776 ከመድረክ ሲሰናበት ለመጨረሻ ጊዜ ለመጫወት የመረጠው ሚና የዚህ ተውኔት ቀናተኛ ፍቅረኛ ዶን ፊሊክስን ነው።