ፖል ኦስካር ክሪስተለር፦ የህዳሴ ዘመን ባህል ታሪክ ተመራማሪ የትምህርትና የምርምር ሕይወት

ፖል ኦስካር ክሪስተለር (እ.ኤ.አ. 1905–1999፤ ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) የኢጣሊያን ህዳሴ ዘመን (ከ14ኛው እስከ 16ኛው ክፍለ ዘመን) ፍልስፍናና የሂውማኒስቶችን፣ ማለትም የጥንት ግሪክና ሮማ ጽሑፎችን ያጠኑና ያስተማሩ የዚያን ዘመን ምሁራንን፣ የጽሑፍ ቅርስ በማጥናት ዕድሜያቸውን ያሳለፉ ጀርመን ተወላጅ አሜሪካዊ ሊቅ ናቸው። በኒውዮርኩ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ከ1939 እስከ 1973 አስተምረዋል። በህዳሴው ዘመን የላቲን ጽሑፎች ላይ የሚሠራ ተመራማሪ ዛሬም ቢሆን እሳቸው ያዘጋጁትን የብራና ዝርዝር ሳይገልጥ ብዙ ርቀት አይሄድም።

በርሊን ውስጥ ከአይሁድ ቤተሰብ የተወለዱት ክሪስተለር ግሪክኛና ላቲንን ገና በወጣትነታቸው ተምረዋል። በሃይደልበርግ ዩኒቨርሲቲ በኤርንስት ሆፍማን አማካሪነት ስለ ጥንታዊው ፈላስፋ ፕሎቲኖስ ባቀረቡት ጥናት በ1928 የዶክትሬት ማዕረግ አገኙ። ከዚያም በፍራይቡርግ በፈላስፋው ማርቲን ሃይደገር ሥር ሆነው፣ በጀርመን ዩኒቨርሲቲዎች ለማስተማር ግዴታ የነበረውን ሁለተኛ ድርሳን ስለ ፍሎረንሱ ፈላስፋ ማርሲሊዮ ፊቺኖ መጻፍ ጀመሩ። ይሁን እንጂ በ1933 ናዚዎች ሥልጣን ይዘው አይሁዳውያንን ከመንግሥት ሥራ የሚያግድ ሕግ ሲያወጡ ይህ መንገድ ተዘጋባቸው።

በ1934 ወደ ኢጣሊያ ተሰደዱ። በፈላስፋው ጆቫኒ ጀንቲሌ ድጋፍ ከ1935 እስከ 1938 በፒዛው ከፍተኛ የትምህርት ተቋም ስኩዎላ ኖርማሌ ሱፔሪዮሬ ጀርመንኛ አስተማሩ። ጀንቲሌ የሙሶሊኒ መንግሥት የትምህርት ሚኒስትር የነበሩና የፋሽዝምን አስተሳሰብ የቀረጹ ሰው በመሆናቸው ይህ ድጋፍ ሊያከራክር ይችላል፤ ነገር ግን ለስደተኛው ምሁር የተደረገው እርዳታ እውነተኛ እንደነበረ መካድ አይቻልም። በእነዚህ ዓመታት ክሪስተለር ቀድሞ ያልታተሙና በየቦታው ተበታትነው የነበሩ የፊቺኖ ጽሑፎችን ከብራናዎች አሰባስበው በ1937 በሁለት ቅጽ አሳተሙ። በ1938 የኢጣሊያ የዘር ሕግ ሲታወጅ ዳግመኛ ሥራቸውን አጡ።

በ1939 መጀመሪያ አሜሪካ ገብተው በዬል ዩኒቨርሲቲ ለአጭር ጊዜ ካስተማሩ በኋላ፣ በዚያው ዓመት መጸው ወደ ኮሎምቢያ ተዛወሩ። በኢጣሊያ የደከሙበት የፊቺኖ ፍልስፍና መጽሐፍ በ1943 በእንግሊዝኛ ታተመ። በ1948 ከፍልስፍና ምሁራኑ ከኤርንስት ካሲረርና ከጆን ኸርማን ራንዳል ጋር ሆነው ከኢጣሊያዊው ባለቅኔ ፔትራርካ እስከ ስፔናዊው ሂውማኒስት ቪቬስ ያሉ አሳቢዎችን ድርሰቶች በእንግሊዝኛ ትርጉም አቀረቡ፤ ይህ ስብስብም ለብዙ ትውልድ ተማሪዎች የመማሪያ መጽሐፍ ሆኖ አገልግሏል። ሙሉ ፕሮፌሰርነት ያገኙት በ1956 ነው።

ስማቸው በይበልጥ የሚነሣው ስለ ሂውማኒዝም ባቀረቡት ሐሳብ ነው። በእሳቸው አመለካከት የህዳሴው ሂውማኒዝም ራሱን የቻለ ፍልስፍና ሳይሆን የትምህርትና የሥነ ጽሑፍ እንቅስቃሴ ነበር፤ የትምህርት ዘርፎቹም ሰዋስው፣ የንግግር ጥበብ፣ ቅኔ፣ ታሪክና የግብረ ገብ ፍልስፍና ነበሩ። ሂውማኒስቶቹን በመካከለኛው ዘመን የኢጣሊያ ከተሞች ደብዳቤ ሲጽፉና ንግግር ሲያዘጋጁ የነበሩት ባለሙያዎች ወራሾች አድርገው ያዩአቸዋል፤ በዚያው ዘመን የአርስቶትል ትምህርት በዩኒቨርሲቲዎቹ ሳይዳከም መቀጠሉንም አሳይተዋል። ኢጣሊያዊው የፍልስፍና ታሪክ ተመራማሪ ኤውጄኒዮ ጋሪን በአንጻሩ ሂውማኒዝም አዲስ የፍልስፍና መንፈስ እንደነበረ ተከራክረዋል፤ የታሪክ ተመራማሪው ሃንስ ባሮን ደግሞ እንቅስቃሴውን ከፍሎረንስ ሪፐብሊክ የነጻነት ትግል ጋር አያይዘውታል። ክርክሩ ዛሬም አልተቋጨም፤ ሆኖም የክሪስተለር ትንታኔ በሰነድ ላይ በጽኑ የቆመ በመሆኑ ተቃዋሚዎቻቸውም ሳይቀሩ ከእሱ ተነሥተው እንዲከራከሩ አስገድዷል።

ከሁሉ የሚልቀው ሥራቸው በ1963 እና በ1992 መካከል በስድስት ቅጾች የወጣው «ኢተር ኢታሊኩም» («የኢጣሊያ ጉዞ») ነው። ይህ ሥራ ካታሎግ ያልተዘጋጀላቸው ወይም ካታሎጋቸው ያልተሟላ የህዳሴ ዘመን ብራናዎች የት እንደሚገኙ የሚያመለክት ዝርዝር ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቅጾች ኢጣሊያንና ቫቲካንን ከተማ በከተማ ይሸፍናሉ፤ የኋለኞቹ ከአውስትራሊያ እስከ ዩጎዝላቪያ ያሉ አገሮችን ያዳርሳሉ። ክሪስተለር ከወጣትነታቸው ጀምሮ ከቤተ መጻሕፍት ቤተ መጻሕፍት እየተዘዋወሩ በእጅ የተጻፉ መዝገቦችን ያነብቡ፣ ብራናዎቹንም አስወጥተው ይመለከቱ ነበር። ለአንድ ብራና የሚሰጠው መግለጫ አብዛኛውን ጊዜ ጥቂት መስመር ብቻ ነው፤ የብራናው መለያ ቁጥር፣ የተጻፈበት ዘመን፣ የደራሲዎችና የድርሰቶች ስም በአጭሩ ይሰፍርበታል። ያሉበት ቦታ ላልታወቀ ብራናዎች በአምስተኛው ቅጽ «ዩቶፒያ» (በግሪክኛ «የትም የሌለ ቦታ») የሚል ክፍል ተመድቦላቸዋል። አንድ ምሁር በስተርጅና ዕድሜው እንዲህ ያለ ትዕግሥት የሚጠይቅ ሥራ ይዞ ከዳር ማድረሱ እጅግ የሚደነቅ ነው።

በ1984 ላቅ ያለ የፈጠራና የምርምር ችሎታ ላላቸው ሰዎች የሚሰጠው የማክአርተር ፌሎውሺፕ፣ በ1992 ደግሞ ከአሜሪካ የመካከለኛው ዘመን አካዳሚ የሃስኪንስ ሜዳሊያ ተሰጥቷቸዋል። የአሜሪካ የህዳሴ ጥናት ማኅበርም የዕድሜ ልክ አገልግሎት ሽልማቱን በስማቸው ሰይሟል። የጥንት ግሪክና ሮማ ደራስያን በላቲን እንዴት እንደተተረጎሙና እንደተብራሩ የሚመዘግበው ዓለም አቀፍ ፕሮጀክት የመጀመሪያ ቅጹን በ1960 በእሳቸው አዘጋጅነት አወጣ፤ ክሪስተለር በሰኔ 1999 ኒውዮርክ ውስጥ ካረፉ በኋላም ሌሎች አዘጋጆች ተረክበው ተከታይ ቅጾቹን አሳትመዋል።