የቤት ናስ እና ራሱን የሚሠራ ባክአፕ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ናስ የሚለው ቃል ለአማርኛ አንባቢ አስቀድሞ ብረቱን ያስታውሰዋል፤ እዚህ የምንነጋገረው ግን ከቤት ራውተር ጋር በኬብል ተገናኝቶ፣ አንድ ወይም ከዚያ በላይ ሃርድ ዲስክ ይዞ፣ የቤተሰቡን ፎቶ፣ ቪዲዮና ሰነድ ለሁሉም ኮምፒውተርና ስልክ ስለሚያቀርብ ትንሽ ማከማቻ ነው። ይህን ዕቃ የሚገዙ ሰዎች ብዙውን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ኢንክሪመንታል ባክአፕ ያዘጋጃሉ፤ ይኸውም አንድ ጊዜ ሁሉንም ከቀዳ በኋላ በየሌሊቱ የተለወጠውንና አዲስ የገባውን ብቻ የሚቀዳ ሥራ ነው። ከዚያ በኋላ ይረሱታል። ፋይል ጠፍቶ ወደ ባክአፑ የሚመለሱበት ቀን ሲደርስ የሚያጋጥማቸው ችግር ከዕቃው ብልሽት ይልቅ ሲያዘጋጁት ይዘውት ከነበረው ግምት የሚመነጭበት ጊዜ ብዙ ነው።

«ሁለት ዲስክ በሬይድ አሰልፌያለሁ፤ ስለዚህ ባክአፕ አለኝ»

ሬይድ የሚለው ስያሜ የታወቀው በበርክሌይ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ዴቪድ ፓተርሰን፣ ጋርዝ ጊብሰን እና ራንዲ ካትዝ እ.ኤ.አ. በ1988 ባቀረቡት ጽሑፍ ሲሆን፣ ሐሳቡ ርካሽ ዲስኮችን አቀናጅቶ ፍጥነት ማግኘትና አንዱ ቢበላሽ ሥራው እንዳይቋረጥ ማድረግ ነበር። ሁለት ዲስኮች እንደ መስታወት አንዱ የሌላውን መልክ እንዲይዝ ሲደረግ፣ ልጅ በስህተት የሰረዘው ፎልደር በዚያው ቅጽበት ከሁለቱም ይሰረዛል። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2021 ኪውሎከር፣ በጥር 2022 ደግሞ ዴድቦልት የተባሉ ራንሰምዌሮች፣ ማለትም ፋይል ቆልፈው ገንዘብ የሚጠይቁ ፕሮግራሞች፣ የኪውናፕ ኩባንያ ናሶችን ሲያጠቁ፣ የሬይድ መኖር ለማንም አልጠቀመም፤ የተቆለፈው ፋይል በሁለቱም ዲስክ ላይ በታማኝነት ተጽፏልና። በሰኔ 2021 ደግሞ ከኢንተርኔት ጋር ተገናኝተው የነበሩ የማይ ቡክ ላይቭ ማከማቻዎች ከርቀት ወደ ፋብሪካ ይዞታቸው ተመልሰው ባለቤቶቻቸው ባዶ ዲስክ ታቅፈው ቀርተዋል።

ስለ ስናፕሾትም የሚነገረው ተመሳሳይ ነው። በቢቲአርኤፍኤስ ወይም በዜድኤፍኤስ የፋይል ሥርዓት የተሠራ ናስ በየሰዓቱ ስናፕሾት፣ ማለትም ፋይሎቹ በዚያ ቅጽበት የነበራቸውን ይዞታ የሚይዝ ምስል፣ ቢያነሳ፣ ትናንት የተሰረዘን ፋይል በደቂቃ ውስጥ ለመመለስ ከእርሱ የተሻለ ነገር የለም። ሆኖም ስናፕሾቱ የሚኖረው እዚያው ዲስክ ላይ በመሆኑ ሌባ ሳጥኑን ተሸክሞት ሲሄድ አብሮ ይሄዳል።

«ሲንክ ማድረግና ባክአፕ ማድረግ አንድ ነው»

ሲንክ መድረሻው መነሻውን እንዲመስል ያደርጋል፤ መነሻው ከተበላሸም የተበላሸውን ይመስላል። ለምሳሌ አንድሩ ትሪጅል እና ፖል ማከራስ እ.ኤ.አ. በ1996 ይፋ ያደረጉት፣ ዛሬም በብዙ ናሶች ውስጥ የሚገኘው አርሲንክ፣ ከመነሻው የጠፋውን ከመድረሻውም እንዲሰርዝ በዲሊት አማራጭ ሊታዘዝ ይችላል። መነሻው ዲስክ በሆነ ምክንያት ሳይገናኝ ቀርቶ ፎልደሩ ባዶ ሆኖ ቢገኝ ፕሮግራሙ ይህን እንደ ስህተት አይቆጥረውም፤ ባለቤቱ ሁሉንም የሰረዘ ይመስለውና ባክአፑንም ያጸዳዋል። ስለዚህ ዲሊትን የሚጠቀም ሰው በአንድ ጊዜ የሚሰረዘው ፋይል ከተወሰነ ቁጥር እንዳያልፍ ገደብ ማስቀመጥ፣ አዲስ ትዕዛዝ በጻፈ ቁጥርም አስቀድሞ በሙከራ ስልት፣ ምንም ሳይነካ ምን ሊያደርግ እንደነበር ብቻ እንዲዘረዝር አድርጎ ማየት ይኖርበታል።

«የመጀመሪያውን ሙሉ ቅጂ ከሰረዝኩ የኋለኞቹ ሁሉ ዋጋ ያጣሉ»

ይህ አመለካከት ለአንዳንዱ አሠራር እውነት፣ ለሌላው ሐሰት በመሆኑ ብዙ ሰው ግራ ይጋባበታል። በጥንቱ አሠራር እያንዳንዱ ኢንክሪመንታል ቅጂ የሚይዘው ካለፈው ጋር ያለውን ልዩነት ብቻ ስለሆነ፣ የሐሙስን ይዞታ ለመመለስ የእሑዱ ሙሉ ቅጂ፣ ከዚያም የሰኞ፣ የማክሰኞ፣ የረቡዕና የሐሙስ ጭማሪዎች በቅደም ተከተል ያስፈልጋሉ፤ ከመካከል አንዱ ሲጎድል የኋለኞቹ ይንጠለጠላሉ።

አርሲንክ በሊንክ ዴስት አማራጭ ሲሠራ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። በየሌሊቱ አዲስ ፎልደር ይፈጠራል፤ ያልተለወጠው ፋይል እንደገና አይቀዳም፣ በሃርድ ሊንክ ግን በአዲሱም ፎልደር ውስጥ ስሙ ይገባል። አንድ ሰው በቤት ስሙም በክርስትና ስሙም ቢጠራ ያው አንድ ሰው እንደሆነ ሁሉ፣ በዲስኩ ላይ ያለው ፋይልም አንድ ነው፤ የሚጠፋውም የመጨረሻው ስም ሲሰረዝ ብቻ ነው። በዚህ አሠራር የመጀመሪያውን ቀን ፎልደር ያለ ሥጋት መሰረዝ ይቻላል። ቦርግና ሬስቲክ የተባሉት ፕሮግራሞችም ፋይሉን ቆራርጠው እያንዳንዱን ቁራጭ አንድ ጊዜ ብቻ ስለሚያስቀምጡ፣ እያንዳንዱ ቅጂ ለብቻው ሙሉ ሆኖ ይቆማል።

እዚህ ላይ ብዙዎች የሚዘነጉት ሌላ ነገር አለ። ሠላሳ ቀን ሠላሳ ፎልደር ቢታይም፣ ያልተለወጠው የሠርግ ቪዲዮ በዲስኩ ላይ ያለው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ያረፈበት የዲስክ ክፍል ከተበላሸ ሠላሳዎቹም ቀናት በአንድነት ይበላሻሉ። ስለዚህ የቀናት ብዛት የቅጂ ብዛት ተደርጎ አይቆጠርም።

ቦታው ከታሰበው በላይ በፍጥነት የሚሞላባቸው ምክንያቶችም ከዚሁ አሠራር ይመነጫሉ። አንደኛው፣ የባክአፕ ዲስኩ በኤክስፋት ፎርማት ከተደረገ ሃርድ ሊንክ ጨርሶ ስለማይደግፍ ዕቅዱ አይሠራም። ሁለተኛው፣ 200 ጊጋባይት የፎቶ ፎልደር ስሙ ሲቀየር አርሲንክ አዲስ ፎልደር የመጣ ስለሚመስለው ሁሉንም እንደገና ይቀዳል፤ ቦርግና ሬስቲክ ግን ቁራጮቹን ስለሚያውቋቸው በድጋሚ አያስቀምጧቸውም። ሦስተኛው፣ የፋይሎቹ ባለቤትነት ወይም ፈቃድ በጅምላ ከተለወጠ፣ ይዘታቸው ምንም ባይነካም ከትናንቱ ጋር መጋራታቸው ቀርቶ እንደገና ይቀዳሉ። በቦርግ ከ1.2 እትም ወዲህ አሮጌ ቅጂዎችን በፕሩን መሰረዝ ብቻውን ቦታ አያስለቅቅም፤ ኮምፓክት የሚባለው ሌላ ትዕዛዝ መከተል አለበት። «ሰርዤ ዲስኩ አልቀነሰም» የሚለው አቤቱታ መልሱ አብዛኛውን ጊዜ ይህ ነው።

«የተለወጠ ፋይል ሁሉ በእርግጠኝነት ይታወቃል»

አርሲንክ ሌላ ካልታዘዘ በቀር የፋይሉን ይዘት አያነብም፤ መጠኑንና የመጨረሻ ለውጥ ሰዓቱን ብቻ ያነጻጽራል። ለቤት አገልግሎት ይህ ተገቢ ነው፤ ጥቂት ቴራባይት በየሌሊቱ ማንበብ ዲስኩንም ጊዜንም ይበላል። ነገር ግን ዲስክ ላይ ቀስ በቀስ የሚደርስ ብልሽት መጠንንም ሰዓትንም ስለማይለውጥ በዚህ መንገድ አይታይም፤ ስለሆነም በዓመት ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ በቼክሰም፣ ማለትም ከፋይሉ ይዘት በሚሰላ ቁጥር፣ ይዘቱን የሚያነጻጽር ዙር ማካሄድ ይገባል። ተቃራኒው ችግርም አለ። ፋት ፎርማት ያለው ዲስክ የለውጥ ሰዓትን የሚመዘግበው በ2 ሰከንድ ልዩነት ስለሆነ፣ ምንም ያልተለወጡ ፋይሎች በየሌሊቱ እንደ አዲስ ሲቀዱ ይታያሉ፤ መፍትሔው ፕሮግራሙ የ1 ሰከንድ መዛነፍን እንዲታገስ ማዘዝ ነው።

«በአማርኛ የተሰየመ ፋይል ለባክአፕ ችግር ይፈጥራል»

ፊደሉ በራሱ ምንም ችግር አይፈጥርም። ችግር የሚፈጥረው ርዝመቱ ነው። እንደ ኢኤክስቲ4 ባሉ የፋይል ሥርዓቶች የአንድ ፋይል ስም እስከ 255 ባይት ሊደርስ ይችላል፤ ኮምፒውተር ፊደላትን በሚመዘግብበት በዩቲኤፍ 8 አንድ የላቲን ፊደል 1 ባይት ሲወስድ አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ስለሚወስድ፣ ለእኛ የሚቀረው ወደ 85 ፊደል ነው። በኢክሪፕትኤፍኤስ የተመሰጠረ ፎልደር ውስጥ ደግሞ ገደቡ 143 ባይት ስለሆነ ወደ 47 ፊደል ይወርዳል። «የአያታችን የሰማንያኛ ዓመት የልደት በዓል ላይ በአዲስ አበባ ቤታችን ውስጥ የተነሳነው የቤተሰብ ፎቶ» የሚል ስም በተለመደው ፎልደር ያለ ችግር ተቀምጦ፣ ወደ ተመሰጠረው ሲቀዳ ብቻ «ስሙ ረዝሟል» ተብሎ ይመለሳል። ስሙን ማሳጠር ይበቃል፤ በአማርኛ መሰየምን መተው አያስፈልግም።

«ሰዓቱን አንዴ ከሞላሁ በራሱ ይሠራል»

ሥራን በተመደበለት ሰዓት በሚያስጀምረው ክሮን በተባለ ፕሮግራም የሰዓት ቦታ ላይ 8 ብሎ የጻፈ ሰው ከሌሊቱ 8 ሰዓት ማለቱ ከሆነ፣ ሥራው የሚጀምረው ከጠዋቱ 2 ሰዓት ላይ፣ ቤተሰቡ ኔትዎርኩን በሚፈልግበት ጊዜ ነው፤ መጻፍ የነበረበት 2 ነው። ናሱ የሰዓት ክልሉ በዩቲሲ፣ ማለትም በዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት፣ ላይ እንደተቀመጠ ከሆነ ደግሞ ይኸው 2 በአዲስ አበባ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ይሆናል። በአሜሪካና በአብዛኛው አውሮፓ ለሚኖሩ ወገኖች ሌላ ወጥመድ አለ፤ በጸደይ ሰዓቱ ወደፊት ሲገፋ አንድ ሰዓት ጨርሶ ስለሚዘለል፣ በበልግ ሲመለስ ደግሞ ስለሚደገም፣ በዚያ ሰዓት የተመደበ ሥራ እንደ ክሮኑ ዓይነት ሊቀር ወይም ሁለት ጊዜ ሊሠራ ይችላል። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ማድረጉ ይህን ያስቀራል።

ክሮን ዕቃው በጠፋበት ጊዜ ያለፈውን ሥራ መልሶ አይሠራም። መብራት በተደጋጋሚ በሚጠፋበት ቤት ሳምንታዊው ሥራ ለወራት ሳይከናወን ሊቆይ ይችላል፤ አናክሮን ወይም ያመለጠውን ሥራ ሲነሣ እንዲፈጽም የታዘዘ የሲስተምዲ ታይመር ይህን ያስተካክላል። በእጅ ሲጀመር የሚሠራ በክሮን ሲጀመር ግን የሚከሽፍ ስክሪፕት ካለም፣ በመጀመሪያ መጠርጠር ያለበት ፓዝ ነው፤ ክሮን ፕሮግራሞችን የሚፈልግባቸው ፎልደሮች ጥቂት ስለሆኑ የፕሮግራሙን ሙሉ አድራሻ መጻፍ ይሻላል። የመጀመሪያው ረጅም ቅጂ ሳያልቅ የነገው እንዳይጀመርበትም ፍሎክን በመሰለ መቆለፊያ መጠበቅ ያስፈልጋል።

«አረንጓዴ ምልክት ካየሁ ባክአፑ ደህና ነው»

በእኔ ቤት አንድ ሰሞን መብራት ደጋግሞ ከጠፋ በኋላ በዩኤስቢ የተያያዘው የባክአፕ ዲስክ ሳይነሣ ቀረ። ዲስኩ የሚገናኝበት ፎልደር ግን ባዶውን በቦታው ስለነበር፣ ሥራው በየሌሊቱ እዚያው ፎልደር ውስጥ፣ ማለትም በናሱ በራሱ ዲስክ ላይ እየጻፈ «ተሳክቷል» ይለኝ ነበር። ያወቅሁት ናሱ ሲሞላ ነው። ከዚያ ወዲህ በባክአፕ ዲስኩ ላይ አንድ ትንሽ የምልክት ፋይል አኑሬ፣ ስክሪፕቱ ያን ፋይል ካላገኘ ሥራውን ሳይጀምር እንዲያቆም አድርጌያለሁ። ሁለት መስመር ብቻ ነው፤ በማንኛውም ቤት ቢጨመር እመክራለሁ።

ትልልቆቹም ከዚህ አላመለጡም። እ.ኤ.አ. በጥር 31 ቀን 2017 የፕሮግራም ኮድ ማስቀመጫ አገልግሎት የሚሰጠው የጊትላብ ድርጅት መሐንዲስ በስህተት ዋናውን ዳታቤዝ ሲሰርዝ፣ ድርጅቱ ወደ ባክአፑ ሲዞር የሚቀመጥበት ቦታ ባዶ ሆኖ ተገኘ። ባክአፑን የሚያወጣው ፕሮግራም እትም 9.2፣ ዳታቤዙ ግን 9.6 ስለነበር ሥራው በየጊዜው ይከሽፍ ነበር፤ ክሽፈቱን የሚያሳውቁት ኢሜይሎች ደግሞ በተቀባዩ በኩል ተቀባይነት ስላላገኙ ለማንም አልደረሱም። ያዳናቸው ከ6 ሰዓት ገደማ በፊት ለሌላ ዓላማ የተነሣ ስናፕሾት ነው። ከዚህ በመነሣት፣ ስህተት ሲፈጠር ብቻ ከሚመጣ መልእክት ይልቅ በየቀኑ «ይህን ያህል ፋይል ተቀድቷል» የሚል መልእክት እመርጣለሁ፤ መቅረቱ ራሱ ያስጠረጥራልና።

አርሲንክ ሥራውን ሲጨርስ 24 የሚል ቁጥር ከሰጠ በመቅዳት ላይ ሳለ አንዳንድ ፋይሎች ከመነሻው ጠፍተዋል ማለት ሲሆን ብዙ አያስጨንቅም፤ 23 ከሆነ ግን ያልተቀዳ ነገር ስላለ የትኛው እንደሆነ መታየት አለበት። ሬስቲክ ቼክ የሚለው ትዕዛዝም መዋቅሩን ብቻ እንጂ መረጃውን እስከ መጨረሻው እንደማያነብ፣ ይህን እንዲያደርግ ለብቻው መታዘዝ እንዳለበት መታወቅ ይኖርበታል። ከሁሉም የሚያስተማምነው በየሦስት ወሩ ጥቂት ፋይሎችን፣ ከእነርሱም አንዱን የቆየ እትም፣ ወደ ሌላ ኮምፒውተር መልሶ ከፍቶ ማየት ነው። ባክአፑ ከተመሰጠረ የይለፍ ቃሉ በዚያው ናስ ላይ ብቻ ተቀምጦ እንደሆነ የሚታወቀውም በዚህ ሙከራ ነው።

«ከቤት ውጭ ቅጂ ለማስቀመጥ ፈጣን ኢንተርኔት የግድ ነው»

ፎቶ አንሺው ፒተር ክሮግ ያስተዋወቀው የ3-2-1 ደንብ ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማከማቻ፣ አንዱ ከቤት ውጭ ይላል። 1 ቴራባይት በሰከንድ 10 ሜጋቢት በሚልክ መስመር ለመላክ ከ9 ቀን በላይ ያስፈልጋል፤ በቤት ውስጥ በጊጋቢት ኬብል ግን ሦስት ሰዓት አይሞላም። ስለዚህ የመጀመሪያውን ሙሉ ቅጂ በቤት አጠናቅቆ ዲስኩን ወደ ዘመድ ቤት መውሰድ፣ በኢንተርኔት ደግሞ የዕለቱን ለውጥ ብቻ መላክ ነው። የዕለት ለውጡ 500 ሜጋባይት ቢሆን በዚያው 10 ሜጋቢት መስመር ሰባት ደቂቃ ያህል ይፈጃል።