በሲሙሌሽን ሊግ የሆም ረን ሪከርድ ምንድን ነው?

ቤብ ሩት እ.ኤ.አ. በ1927 60 ሆም ረን መታ። የቤዝቦል ታሪክ የሚወድ ሰው ከእንቅልፉ ቢቀሰቅሱትም ይህን ቁጥር አይስተውም። ያንኑ 1927ን በዳይስና በካርድ ወይም በኮምፒውተር እንደ አዲስ ብታጫውቱት ግን ሩት 52 ላይ ሊቆም ይችላል። ወይም 71 ሊገባ ይችላል። ሁለቱም ስህተት አይደሉም። የሲሙሌሽን ሊግ ሪከርድ የሚባለው ይኸው ነው፤ የድሮ ተጫዋቾች እንደገና ተሰልፈው፣ እንደገና ተጫውተው የሚያስመዘግቡት አዲስ ቁጥር።

ቤዝቦል እንግዳ ለሆነበት አንባቢ ባጭሩ፦ ወርዋሪው ኳስ ይወረውራል፣ መቺው በዱላ ይመታል። ኳሷ ከሜዳው አጥር በላይ ከሄደች ሆም ረን ነው፤ መቺው አራቱን ቤዞች (በሜዳው አራት ጥግ ያሉትን ማረፊያዎች) ዘና ብሎ ዞሮ ይመለሳል። አንዳንዴ ኳሷ ሳትወጣም በሩጫ ብቻ ይገኛል። ታይ ኮብ በ1909 ሊጉን በ9 ሆም ረን ሲመራ አንዷም አጥር አልዘለለችም።

አሁን ወደ ጨዋታው። ሃል ሪችማን የተባለ አሜሪካዊ በ1961 ገበያ ላይ ያዋለው ስትራት-ኦ-ማቲክ የሚባል የጠረጴዛ ጨዋታ አለ። እያንዳንዱ ተጫዋች ካርድ አለው። ካርዱ የተሠራው ሰውየው በዚያ ዓመት በሜዳ ካስመዘገበው ነው። ሦስት ዳይስ ትጥላላችሁ፤ አንዷ ነጭ ናት። ነጯ ከ1 እስከ 3 ካወጣች የመቺውን ካርድ ታነባላችሁ፣ ከ4 እስከ 6 ካወጣች የወርዋሪውን። የነጯ ቁጥር ዓምዱን ይነግራችኋል፣ የሌሎቹ የሁለቱ ድምር ደግሞ መስመሩን። እዚያ መስመር ላይ «ሆም ረን ከ1 እስከ 13» የሚል ጽሑፍ ካገኛችሁ ገና አልጨረሳችሁም። ከ1 እስከ 20 ቁጥር ካላቸው ካርዶች አንዱን ትመዛላችሁ። 12 ከወጣ ሆም ረን፣ 14 ከወጣ ግን ሁለተኛው ቤዝ ላይ ቀረ።

በኮምፒውተር የሚሠሩትም፣ ለምሳሌ ከ1999 ጀምሮ የወጣው አውት ኦፍ ዘ ፓርክ ቤዝቦል፣ መሠረታቸው ያው ዕድል ነው። ልዩነቱ ዳይሱን ማሽኑ መጣሉና መቶ ዓመት በአንድ ቀን መጨረሱ ነው።

እዚህ ጋ ለትንሽ ሒሳብ ታገሱኝ። ሩት በ1927 ዱላ ይዞ የቆመው 691 ጊዜ ነው። 60ውን ለ691 ስናካፍል 8.7 በመቶ ገደማ ይመጣል። ካርዱ ይህን ዕድል በትክክል ቢይዝ እንኳ 691 ጊዜ ስትጥሉ ውጤቱ ሁልጊዜ 60 አይሆንም። ከሦስት ሙከራ በሁለቱ ከ53 እስከ 67 መሃል ይወድቃል። ሃያ ጊዜ ያህል ብትደግሙት ደግሞ አንዴ 73 ወይም ከዚያ በላይ ይመጣል። 73 ባሪ ቦንድስ በ2001 የያዘው የአሜሪካ ዋናው ሊግ የአንድ ዓመት ሪከርድ ነው። ሩት እዚያ የሚደርሰው ወይም ያንን የሚሰብረው አንዲት ኪሎ ጉልበት ሳይጨምር፣ በዳይስ ብቻ ነው!

እኔ ይህን ነገር የምወደው ለዚህ ነው። በእውነተኛው ሜዳ ታሪክ አንዴ ብቻ ነው የሚጫወተው። 60 ሲወጣ 60 መሆን ያለበት ይመስለናል። ደጋግማችሁ ስታጫውቱት ግን ሪከርድ ማለት የችሎታና የዕድል ድምር እንደሆነ ዓይናችሁ እያየ ይገባችኋል። ደግሞ ሪከርዱን የሚይዘው ሁልጊዜ ምርጡ ሰው አይደለም። ከምርጦቹ መሃል ዕድል የቀናው ነው። ሊጉ በረዘመ ቁጥር ደግሞ አንድ ቀን የሚቀናው ሰው አይጠፋም፤ ሪከርዱ የሚወጣው እንጂ የሚወርደው የለም።

ሜዳውም የራሱ ድርሻ አለው። በ1884 የቺካጎው ኔድ ዊሊያምሰን 27 መታ። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት የመታው 2 ብቻ ነበር፤ በቀጣዩ ዓመት ደግሞ 3። ምን ተአምር ተፈጠረ? የቺካጎ ሜዳ የግራ አጥር 55 ሜትር ገደማ ብቻ ይርቅ ነበር። ቀድሞ አጥሩን ያለፈ ኳስ ሁለት ቤዝ ብቻ ያሰጥ ነበር፤ በዚያች ዓመት ሆም ረን ተብሎ ተቆጠረ። ከ27ቱ 25ቱ የተመቱት እዚያው ሜዳ ነው። ሩት በ1919 29 መትቶ እስኪሰብረው ድረስ ይህ ሪከርድ 35 ዓመት ቆየ። እንግዲህ ሲሙሌሽናችሁ ሜዳውን ካላስገባ ዊሊያምሰን ተራ ሰው ይሆናል። ካስገባ ደግሞ ዊሊያምሰንን ሌላ ቡድን ውስጥ ስትከቱት ምን እንደሚሆን መገመት አያቅትም።

ትልቁ ውሳኔ ግን ሊጉን ስትከፍቱ ነው የሚመጣው። አንዱ መንገድ ተጫዋቹ በየዓመቱ እውነተኛ ቁጥሩን ተከትሎ እንዲሄድ ማድረግ ነው። ሌላው ወጣት ሆኖ ከገባ በኋላ በራሱ መንገድ እንዲያድግ መልቀቅ ነው። በሁለተኛው መንገድ 714 የሚባለው የሩት የዕድሜ ልክ የሆም ረን ድምር ጨርሶ ላይወለድ ይችላል። ሩት በቦስተን ወርዋሪ ነበር፤ በ1916 23፣ በ1917 24 ጨዋታ ያሸነፈ ምርጥ ወርዋሪ። የእናንተ አሰልጣኝ «እንዲህ ያለ እጅ እያለው ዱላ ምን ያደርግለታል?» ካለ አለቀ፤ ሆም ረኑን ሌላ ሰው ይመታዋል።

በመጀመሪያውም መንገድ ጣጣ አለ። ቴድ ዊሊያምስ ከ1943 እስከ 1945 በውትድርና አልተጫወተም፤ በኮሪያ ጦርነት ጊዜም 1952 እና 1953 አብዛኛው አምልጦታል። በእውነት በዕድሜ ልክ 521 ሆም ረን ላይ ጨረሰ። ለነዚያ ዓመታት ካርድ የለውም። ትዘሉታላችሁ? ወይስ ከጎረቤት ዓመታት አማካይ ወስዳችሁ ትሞሉለታላችሁ? ሁለቱንም የሚያደርጉ አሉ። እኔ እሞላለሁ፤ ጦርነትን እንደገና ማጫወት አልፈልግም።

ከሁሉ በላይ ልቤን የሚነካው የጆሽ ጊብሰን ጉዳይ ነው። ጥቁር በመሆኑ ዋናው ሊግ በሩን ዘግቶበት የኖረ ኃያል መቺ። የጥቁሮቹ ሊግ መዝገብ ላይ የሚቆጠሩት ጨዋታዎች ጥቂት ስለነበሩ በድምር ሪከርድ ሰንጠረዥ ላይ እነ ሩት አጠገብ አይደርስም። በ2024 ዋናው ሊግ እነዚያን ቁጥሮች በይፋ ሲያካትት ጊብሰን በዕድሜ ልክ የመምታት አማካይ በ.372 ኮብን አልፎ አንደኛ ሆነ፤ የሆም ረን ድምር ላይ ግን ያ አልሆነም። ካርድ የሚሠራው ከድምር ሳይሆን ከስንት ሙከራ ስንቱን እንደመታ ስለሆነ ሲሙሌሽን ውስጥ ጊብሰን የዓመቱን ሙሉ 154 ጨዋታ ይሰለፋል። ያኔ የሪከርዱ ገጽ ሌላ መልክ ይይዛል።

ስለ አያያዙ ብዙ የሚባል የለም። ደብተር ይበቃል፦ ቀን፣ መቺ፣ ወርዋሪ፣ ሜዳ፣ ስንተኛው። አንድ ነገር ብቻ አትርሱ፤ ሊጉ በዓመት ስንት ጨዋታ እንዳለው ከላይ ጻፉ። ሮጀር ማሪስ በ1961 61 መትቶ የሩትን 60 ሲሰብር የዓመቱ ጨዋታ ከ154 ወደ 162 አድጎ ስለነበር ንትርኩ ስንት ዓመት ዘለቀ።

ደብተሩ ሲሞላ እንዲህ ያለ ምሽት ይመጣል። ሴፕቴምበር 30፣ 1927፣ ያንኪ ስታዲየም፣ ስምንተኛው ዙር። ሩት 59 ላይ ነው። ወርዋሪው ቶም ዛካሪ፤ በእውነተኛው ቀን 60ኛዋን የሰጠው ሰውዬ። ዳይሱ ተጣለ። ነጯ 4 አወጣች። ስለዚህ የሚነበበው የዛካሪ ካርድ ነው፤ የሩት ጉልበት እዚህ ምንም አይረዳም። ድምሩ 8። መስመሩ «በአየር ተያዘ» ይላል። ከሩት ስም አጠገብ ያለው 59 አልተነካም። አንድ ጨዋታ ይቀራል።