የወተት ላምና ፍየል እርባታ በመሃል አዲስ አበባ

በመሃል አዲስ አበባ የወተት እርባታ ሲባል በአራዳ፣ በልደታ፣ በቂርቆስና በአዲስ ከተማ ክፍለ ከተሞች በመኖሪያ ግቢ ውስጥ ጥቂት ጥገቶችን፣ አልፎ አልፎም ፍየሎችን አስሮ እየቀለቡ ወተቱን ለጎረቤት መሸጥ ነው። ግጦሽ የለውም፤ ላሚቱ ከአንድ በረት ሳትወጣ ወልዳ፣ ታልባ፣ አርጅታ ልትሸጥ ትችላለች። ስለ ከተማዋ ወተት ሲጻፍ በአብዛኛው የሚነሳው ፋብሪካው ነው። ባለ ሁለትና ባለ ሦስት ላም ቤተሰቦች ግን ፋብሪካ ሳይኖርም ነበሩ።

አመጣጥ

ከተማዋ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር ከብቱም ከሰፋሪው ጋር ገብቷል። ከዚያ በኋላ ያለው ግማሽ ምዕተ ዓመት የሚታወቀው በጥቅሉ ነው።

በሰነድ የዳበረው ታሪክ የሚጀምረው ከጣሊያን ወረራ በኋላ ነው። በ1939 ዓ.ም. ገደማ አንራ በሚል ምኅጻር የሚታወቀው የተባበሩት መንግሥታት የእርዳታና የመልሶ ማቋቋም ድርጅት 300 የፍሪዥያንና የብራውን ስዊስ ዝርያ ከብቶችን ለኢትዮጵያ ሰጠ። የመንግሥት እርሻዎች ወተት ለአዲስ አበባ ማቅረብ ጀመሩ። በ1950ዎቹ መጀመሪያ በዩኒሴፍ ድጋፍ የሾላ የወተት ማቀነባበሪያ ተቋቋመ፤ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ ዘርፉን የሚመራ የወተት ልማት መሥሪያ ቤት ተመሠረተ። የ1967ቱ የመሬት አዋጆች ሰፋፊ የግል እርሻዎችን ወደ መንግሥት አዛወሩ። መሥሪያ ቤቱም ከመንግሥት እርሻዎች ጋር ተዋሕዶ የወተት ልማት ድርጅት ሆነ። ድርጅቱ ከጊዜ በኋላ ወደ ግል ቢዛወርም «ሾላ ወተት» የሚለው ስም ከነዋሪው አፍ አልጠፋም።

በዚያው በ1967 ዓ.ም. ሐምሌ የወጣው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ሰፋፊ ግቢዎችን ለብዙ አባወራ አከፋፈለ፤ በረት ከኩሽናና ከሽንት ቤት ጎን የተጨናነቀውም ባመዛኙ ከዚህ ወዲህ ነው። በ1970ዎቹ ቃሊቲ ላይ የተቋቋመው ብሔራዊ የሰው ሠራሽ ማዳቀያ ማዕከል የተመረጡ ኮርማዎችን ዘር ማሠራጨት ሲጀምር፣ ኮርማ ለማቆም ስፍራ ያልነበረው የመሃል ከተማ ባለላም በአዳቃይ እጅ «የፈረንጅ ላም» ባለቤት ለመሆን በቃ።

በ1990 ዓ.ም. ገደማ የታተመ ጥናት በአዲስ አበባና በዙሪያዋ 5,167 ትንንሽ፣ መካከለኛና ትልልቅ የወተት እርባታዎች በዓመት 34.65 ሚሊዮን ሊትር እንደሚያመርቱ አስፍሯል። ከዚህ ውስጥ 73 በመቶው ይሸጣል፣ 10 በመቶውን ቤተሰብ ይጠጣዋል፣ ለጥጃ የሚደርሰው 9.4 በመቶ ነው።

ጥጃና ግልገል ጡት ማስጣል

ያቺ 9.4 በመቶ የዚህ ሥራ ዋና ጭቅጭቅ ናት። ጥጃው የጠባው ወተት አይሸጥም፤ ያልጠባ ጥጃ ደግሞ ነገ ጥገት አይሆንም። የሀበሻ ላም ጥጃዋ አስቀድሞ ሳይጠባት ወተቷን አትለቅም፤ ጥጃው የሞተባት ላም ፊት ገለባ የተሞላ የጥጃ ቆዳ ማቆምም የቆየ ብልሃት ነው። ከፈረንጅ ዘር የተዳቀለችው ላም ያለ ጥጃም ስለምትታለብ ባለላሙ ጥጃውን እንገር ካጠጣ በኋላ በቶሎ ይለየዋል፤ ጣቱን ወተት ነክሮ ያስጠባዋል፣ ጣቱን ቀስ በቀስ ወደ ባልዲው ዝቅ ያደርጋል፣ ጥጃው አፍንጫውን ነክሮ ካስነጠሰ በኋላ መጠጣት ይለምዳል። ወይፈን የሚሆነው ግን ይህን ያህል አይለፋበትም፤ ቦታ ስለሚያጣብብ ገና በጠዋቱ ይሸጣል።

ለግልገል ሥርዓቱ ለየት ይላል። በተወለደ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት እንገር ካላገኘ የመኖር ዕድሉ ይመነምናል። ከሁለተኛው ሳምንት ጀምሮ ለስላሳ ድርቆሽና ጥቂት ፉርሽካ ይቀርብለታል፤ ጨጓራው ሥራ የሚለምደው በመኖ እንጂ በወተት አይደለም። ጡት የሚጥለውም ከ8 እስከ 12 ሳምንት ባለው ጊዜ ነው። ከዕድሜው ይልቅ ክብደቱን ማየት ይበጃል፦ ሲወለድ ከነበረው ሁለት እጥፍ ተኩል ያልደረሰ ግልገል ጡት መጣል የለበትም። በአንድ ቀን ከማስጣል ወተቱን በሳምንት ውስጥ መቀነስ ይሻላል። የእናቲቱን ጡት እበት የመቀባት ልማድ ርካሽ ነው፤ ለጡት በሽታ በር ስለሚከፍት ግን አይመከርም። ወንዶቹ በሦስት ወራቸው ካልተለዩ እኅቶቻቸውን ማስረገዝ ይችላሉ። በረቱ እርጥብ ከሆነና በጠጡ ካልተጠረገ ኮክሲዲያ የሚባለው ጥገኛ ተህዋስ የሚያመጣው ተቅማጥ ይገባል፤ ከፍ ያለ የእንጨት ርብራብ ከመድኃኒት ይቀድማል።

በደገኛው ዘንድ የፍየል ወተት መጠጣት እምብዛም አልተለመደም፤ መድኃኒትነት አለው ብለው የሚፈልጉት ሰዎች ግን አሉ። ፋርም አፍሪካ የተባለው የእርዳታ ድርጅት በ1980ዎቹ በሐረርጌና በደቡብ የአንግሎ ኑቢያን ዝርያ አውራ ፍየሎችን ከአገር ውስጥ ፍየሎች ጋር በማዳቀል የወተት ፍየል አስፋፍቷል፤ ወደ መሃል አዲስ አበባ ግን ፍየል የሚገባው ከማለቢያው ይልቅ ለበዓል ቢላዋ ነው።

ጾምና ገበያ

የወተት ገበያውን የሚገዛው ባሕረ ሐሳብ ነው። ረቡዕና ዓርብ፣ የ55 ቀኑ ዐቢይ ጾም፣ የገና ጾምና ፍልሰታ ሲደርሱ ደንበኛው ይሳሳል፤ ላሚቱ ግን አትጾምም። የተረፈው ይረጋል፣ ይናጣል፤ ቅቤው ለፋሲካ ይቀመጣል፣ ከአረራው አይብ ይወጣል። ጥጃና ግልገልም ጠግበው የሚያድሩት በዚህ ወቅት ነው፤ በፍስክ የሚወለደው ቶሎ ጡት ይጥላል። የሙስሊም ደንበኞች የበዙባቸው ሰፈሮች፣ ለምሳሌ የመርካቶ ዙሪያ፣ ይህን መዋዠቅ ያለሰልሱታል፤ በረመዳን ማታ ማታ ወተት ይፈለጋልና።

መኖና ጤና

መኖው የከተማዋ ትርፍራፊ ነው፦ የጠላ አተላ፣ የቢራ ፋብሪካ ተረፈ ምርት፣ ፉርሽካ፣ የኑግ ፋጉሎ (ዘይቱ የተጨመቀ ኑግ)፣ በጭነት መኪና የሚገባ ድርቆሽ። ፋጉሎው በ2008 ዓ.ም. አካባቢ ክፉ ስም ወጣለት። ከአዲስ አበባና አካባቢዋ የተሰበሰቡ 110 የወተት ናሙናዎች ሁሉም አፍላቶክሲን የሚባል ከሻጋታ የሚመነጭ መርዝ ተገኘባቸው፤ ከአውሮፓ ኅብረት ወሰን ያላለፉት 9 ብቻ ነበሩ። ሻጋታው በዋናነት የተያያዘው ከኑግ ፋጉሎ ጋር ነው። ጥፋቱ የባለላሙ ነው ማለት ግን ፍርደ ገምድልነት ነው፤ ፋጉሎውን ያከማቸው እርሱ አይደለም። አፍላቶክሲን በማፍላት አይጠፋም፤ የከብት ሳንባ ነቀርሳና የውርጃ በሽታ ተህዋስያን ግን ሲፈላ ይሞታሉ። በወይራ የታጠነ ማለቢያ ወተቱን ያጣፍጠዋል፣ ማፍላትን ግን አይተካም።

አሁን ያለበት ሁኔታ

የልደታ፣ በኋላም የፒያሳና የካዛንቺስ አሮጌ ሰፈሮች ሲፈርሱ በረቶቹም አብረው ፈርሰዋል። ላም ኮንዶሚኒየም አትገባም። ሽታውንና ፍሳሹን አንስተው ከብት ከመሃል ከተማ መውጣቱ ተገቢ ነው የሚሉ አሉ፤ ክርክሩ ገና አልተቋጨም። ከተነሱት አንዳንዶቹ ላሞቻቸውን ሸጠዋል፣ አንዳንዶቹ ወደ ከተማዋ ዳርቻ ወስደዋል። ለመሃል ከተማው አብዛኛው ጥሬ ወተት የሚገባው ከሱሉልታ፣ ከሆለታና ከሰበታ አቅጣጫ ነው።